ጆሮ ይቅደም፦ በሐዋሳ የአንድ ትምህርት ቤት ጀማሪ ማርሽ ባንድ የጉዳይ ጥናት

በሐዋሳ ከሚገኙ ትምህርት ቤቶች አንዱ የማርሽ ባንድ ካቋቋመ ወራት ቢቆጠሩም ልጆቹ አንድ ዜማ ከዳር እስከ ዳር አብረው መንፋት አቅቷቸው ነበር። ባንዱ ሃያ ያህል የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉት። ትራምፔት፣ ክላርኔት፣ አልቶ ሳክስፎንና ትሮምቦን ይነፋሉ፤ አንድ ትልቅ ከበሮና ሁለት ትንንሽ ከበሮዎችም አሏቸው። አሠልጣኛቸው በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ፣ ትራምፔትን አሳምረው የሚያውቁ፣ ለልጆቹም የሚሳሱ ሰው ናቸው። የሙዚቃ መምህር በመሆኔ እንዳግዛቸው ስጠራ የተነገረኝ ችግር አጭር ነበር፦ «ለየብቻቸው ሲነፉ ደህና ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበታተናል።» ከመምህራኑ አንዳንዶቹ ምክንያቱንም ጨምረው ነገሩኝ። ግማሾቹ ጆሮ የላቸውም፣ በሌሎች ቢተኩ ይሻላል አሉ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ የኋለኛው አስተያየት ነው። «ጆሮ የለውም» የሚል ፍርድ የተፈረደበት ልጅ ለዕድሜ ልኩ ከሙዚቃ ርቆ ሊቀር ይችላል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የልጁን ጆሮ ፈትኖ አያውቅም። በዚህ ባንድ ውስጥ ጆሮ የሌለው ልጅ አላገኘሁም። ያገኘሁት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ትምህርት ነው፤ ምትና የድምፅ ከፍታ፣ ጣትና ትንፋሽ፣ ወረቀትና መሣሪያ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ በልጆቹ ላይ ወርደዋል።

ለዚህ አሠልጣኙን መውቀስ አይገባም። የማርሽ ባንድ ወደ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥትና በጦር ሰፈር በኩል ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውና «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቁት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የተሰማሩት ለመንግሥት ሥነ ሥርዓት ነበር። ውርሱ ዛሬም በትምህርት ቤቶች ላይ ይታያል። ባንድ ሲቋቋም በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ለየትኛው በዓል ይደርሳል?» ነው። እዚህም አሠልጣኙ የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ለመማር የሚበቃ አልነበረም፤ ለወላጆች ቀን አንድ ማርሽና የሰንደቅ ዓላማውን መዝሙር እንዲያደርሱ ተነገራቸው፣ እሳቸውም ፈጣኑን መንገድ መረጡ።

የሰማሁትና ያየሁት

ልምምዱ የሚካሄደው ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። በደንብ ያውቁታል የተባለውን ማርሽ ሲነፉ በስልኬ ፍጥነቱን እየለካሁ አዳመጥሁ። ሲጀምሩ በደቂቃ 90 ምት ገደማ ነበር፤ ሲጨርሱ ወደ 116 ተጠግቷል። ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ትልቁን ከበሮ በሚመታው ልጅ ላይ ነው። ልጁ ራሱም ጥፋቱን አምኖ ተቀብሎታል፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመታው። ከበሮውን ለጊዜው እንዲያቆም አደረግሁና ነፊዎቹ ብቻቸውን እንዲነፉ ጠየቅኋቸው። ያለ ከበሮም እንደዚያው ፈጠኑ።

ነገሩ የተገለጠው ረጅም ድምፆች ላይ ነው። አራት ምት መቆየት ያለበት ድምፅ ሲመጣ ትንፋሻቸው ሦስተኛው ምት ላይ ያልቃል። ድምፁ ከተቋረጠ በኋላ ቀሪዋን ምት በዝምታ አይጠብቁም፤ አየር ይስቡና ወዲያው ወደሚቀጥለው ይገባሉ። እንዲህ በእያንዳንዱ ረጅም ድምፅ ላይ አንድ ምት እየተሰረቀ ዜማው ይኮማተራል። ከበሮ መቺው እየመራቸው ሳይሆን እየተከተላቸው ነበር። የምት ችግር የተባለው ቢያንስ ግማሹ የትንፋሽ ችግር ነው ማለት ነው፤ መትሮኖም (ምት ጠባቂ መሣሪያ) ቢገዛላቸውም አይፈውሰውም።

የድምፅ ከፍታው ጉዳይ የባሰ ነበር። የማርሹ ወረቀት መጀመሪያ የተዘጋጀው ለትራምፔት ነው፤ እሱኑ በእጅ ገልብጠው ለሁሉም አከፋፍለውታል። ትራምፔት በወረቀቱ ላይ «ሲ» (C) የተባለውን ድምፅ ሲነፋ የሚሰማው ቢ ፍላት (B♭) ነው። አልቶ ሳክስፎን ያንኑ ሲ ሲነፋ የሚሰማው ኢ ፍላት ነው። ትሮምቦን ሲ ሲነፋ የሚሰማው ግን ሲው ራሱ ነው። ስለዚህ «ሁላችሁም በሲ ጀምሩ» ሲባል ልጆቹ ትእዛዙን በትክክል ፈጽመው ሦስት የተለያዩ ድምፆች ያወጣሉ። በጦር ባንድ ውስጥ ለየመሣሪያው ተስተካክሎ የተጻፈ ወረቀት ስለሚታደል ነፊው ይህን ማሰብ አይጠበቅበትም፤ አሠልጣኙም አላሰቡትም። ልጆቹ ግን ድምፁ እንደማይስማማ ይሰሙት ነበር። ሲሰሙት ያፍራሉ፤ ሲያፍሩ ቀስ ብለው ይነፋሉ፤ ቀስ ብለው ሲነፉ ደግሞ በተለይ የትራምፔቱና የትሮምቦኑ ድምፅ ይወርዳል።

ከወረቀቱ በላይ ደግሞ ቁጥሮች ነበሩ። ኖታ ማንበብ ጊዜ ስለሚወስድ ለትራምፔት ነፊዎቹ የሚጫኗቸው ቁልፎች ተጽፈውላቸዋል፦ 0፣ 1-3፣ 1-2፣ 0 እያለ ይቀጥላል። ይህ ዘዴ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ትራምፔት ላይ ግን አንድ የቁልፍ አያያዝ አንድ ድምፅ ብቻ አይሰጥም። ምንም ቁልፍ ሳይነካ ታችኛው ሲ ይወጣል፤ ከንፈር ጠበቅ፣ አየሩም ፈጠን ሲል ጂ ይሆናል፤ ከዚያ ላይኛው ሲ፣ ከዚያም ኢ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ነፊው አስቀድሞ በጆሮው የሰማው ድምፅ ነው። ዜሮ የሚለው ቁጥር ይህን አይናገርም።

«ጆሮ የላትም» ከተባሉት አንዷ ትራምፔት የምትነፋ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዜማው በሲ ሲጀምር እሷ ዘወትር ጂ ላይ ታርፋለች፤ ጣቷ ትክክል ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። መሣሪያውን አስቀምጣ ዜማውን በአፏ እንድታሰማኝ ጠየቅኋት። ጥርት አድርጋ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ድምፅ ሳትስት አዜመችው። በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር እንደሆነች ኋላ ነገረችኝ። ከዚያ ወረቀቷን አንሥታ የመጀመሪያውንና አራተኛውን ድምፅ በጣቷ እያሳየች፣ «ቲቸር፣ ሁለቱም ዜሮ ናቸው እኮ» አለች።

ከዚህ የተሻለ የምርመራ ውጤት ከማንም አላገኘሁም። ልጅቷ የጎደላት ነገር የለም፤ ትንፋሿ ጠንካራ ስለሆነ ሳትፈልግ ወደ ላይኛው ድምፅ ትዘላለች፣ ወረቀቱ ደግሞ መዝለሏን ሊነግራት አይችልም።

መሣሪያው ይቆይ

ለአሠልጣኙ ያቀረብሁት ሐሳብ ለተወሰኑ ሳምንታት የልምምዱ የመጀመሪያ አጋማሽ ያለ መሣሪያ እንዲሆን፣ ምትና የድምፅ ከፍታም ለየብቻቸው እንዲሠሩ ነበር። አልወደዱትም። «ልጆቹ የመጡት ሊነፉ ነው፤ ጭብጨባ ካስተማርናቸው ይበተናሉ» አሉ፤ ስጋታቸው እውነት ነበረው። ሃንጋሪያዊው አቀናባሪና የሙዚቃ መምህር ዞልታን ኮዳይ (1882–1967) ልጅ መሣሪያ ከመያዙ በፊት ይዘምር ያለበትን ምክንያት ነገርኋቸው፤ በትሕትና ሰሙኝ፣ ግን አላሳመናቸውም። ያሳመናቸው የራሳቸው ልጅነት ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። የዜማ ቤት ተማሪ ዜማውን ከመሪጌታው አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት የሚባሉት ምልክቶች ከቃሉ በላይ የተቀመጡት ያጠናውን እንዲያስታውሱት ነው። ምልክቶቹ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል፤ ዜማው ግን ከእነሱ በፊት ለዘመናት ተዚሟል። አሠልጣኙ ይህን ራሳቸው አንሥተው ራሳቸው ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ከእኔ ይልቅ አጥባቂ ሆኑ።

ምት

የጀመርነው ግቢ ውስጥ በመራመድ ነው። እግር ምቱን ይይዛል፣ እጅ ያጨበጭባል፣ አፍ ይናገራል። ሐዋሳ ያደገ ልጅ ብዙ ሰው አብሮ ሲረግጥ ምን እንደሚመስል አይቷል። በሲዳማ የዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ፣ በጉዱማሌ አደባባይ ቄጣላ የተባለውን ጭፈራ የሚጫወተው ሕዝብ ያለ መትሮኖምም ያለ ወረቀትም አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከባንዱ ልጆች ቄጣላ የሚያውቁትን በየመስመሩ ፊት አቆምናቸው፤ ሌሎቹ የእነሱን እግር ተከተሉ። ትልቁን ከበሮ የሚመታው ልጅ ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ከጓደኞቹ መካከል ፍጥነቱን ሳይለውጥ ረጅም ጊዜ መራመድ የቻለው እሱ ነው።

ምትን ለመከፋፈል የኮዳይ ተከታዮች «ታ» እና «ቲቲ» የሚሉ ክፍለ ቃላት ይጠቀማሉ። እኔ ልጆቹ የሚያውቋቸውን ቃላት መረጥሁ። አንድ ሙሉ ምት «ሻይ»፣ ለሁለት የተከፈለ ምት «ቡና»፣ ለሦስት የተከፈለ «ቲማቲም»፣ ለአራት የተከፈለ «አቮካዶ»። ከቃላቱ ሦስቱ ወዲያው ሠሩ። «ቡና» ግን አልሠራም። ልጆቹ «ቡና፣ ቡና» እያሉ ሲያጨበጭቡ ሁለቱ ጭብጨባዎች እኩል መሆናቸው ቀርቶ አንዱ ረዘመ፣ ሌላው አጠረ። ምክንያቱ ቃሉ ውስጥ ነው፤ «ና» ይጠብቃል፣ አፋችንም ከመጥበቁ በፊት ይዘገያል። የላላ ቃል ያስፈልገን ነበርና «ዓሣ» አልነው። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አጠገብ ለሚኖሩ ልጆች ከዚህ የቀረበ ቃል የለም፤ ጭብጨባውም በዚያው ልምምድ ተስተካከለ። በአማርኛ ምት የሚያስተምር ሰው ቃል ሲመርጥ ጠብቆና ላልቶ መነበቡን ቢያይ ብዙ ድካም ይቀርለታል። በውጭ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን የፍራፍሬ ስሞች ወደ አማርኛ መልሶ መጠቀም ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ የከበደው በማርሽ ውስጥ የሚበዛው ረጅምና አጭር የሆነው የድምፅ ጥንድ ነው። ምቱ ለአራት ተከፍሎ ሦስቱን እጅ ረጅሙ፣ አንዱን እጅ አጭሩ ይወስዳል። ልጆቹ ግን ሁልጊዜ ለሦስት ከፍለው ሁለት ለአንድ ያደርጉታል። ወታደራዊው ማርሽ ሳያስቡት ወደ ጭክጭካ ይሄዳል። ስህተት ነው ብሎ መቆጣት ቀላል ነው፤ ሆኖም ጭክጭካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሠርግና በበዓል የሰሙት፣ ሰውነታቸው የሚያውቀው ምት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። እግራቸው ሳይለወጥ እየተራመዱ «ቲማቲም» ይላሉ፤ የሚያጨበጭቡት በመጀመሪያውና በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ብቻ ነው። ይህ ጭክጭካው ነው። ከዚያ እግራቸው ሳይቆም ወደ «አቮካዶ» ይሻገራሉ፤ «አ» እና «ዶ» ላይ ብቻ ያጨበጭባሉ። ይህ ማርሹ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ምት አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ግን መሻገሩን በሰሙ ቁጥር ፊታቸው ይበራ ነበር። ከዚያ በኋላ «ማርሹ ቲማቲም ሆኗል» ማለት ብቻ ለማረም ይበቃ ነበር።

ትንፋሹን ደግሞ የምቱ አካል አደረግነው። አራት ምት ይራመዳሉ፤ በአራተኛው እርምጃ ላይ አየር ይስባሉ፣ በሚቀጥለው አንድ ላይ «ስስስ» እያሉ አየሩን ያወጣሉ። መጀመሪያ ለአራት ምት፣ ቀጥሎ ለስድስት፣ ከዚያ ለስምንት። በዜማው ወረቀት ላይም የሚተነፈስበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደረገበት፤ ከዚያ ቦታ ውጭ መተንፈስ የለም።

ፈተናችን ዝምታ ነበር። አራት መስፈሪያ (መስፈሪያ የተወሰኑ ምቶች ስብስብ ነው) ይነፋሉ፣ አራት መስፈሪያ ዝም ብለው ይራመዳሉ፣ ከዚያ ያለ ምልክት አብረው ይገባሉ። መጀመሪያ ላይ መግባቱ እንደ ካፊያ ዝናብ የተንጠባጠበ ነበር። አሠልጣኙ ይህን ልምምድ በጣም ወደዱት፤ እኔ በሌለሁባቸው ቀናትም ያሠሯቸው ነበር።

የድምፅ ከፍታ

ቀድመን ያስተካከልነው ወረቀቱን ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ጻፍን፤ «ዶ» ስንል ሁሉም ኪቦርዱ ላይ ያለውን ቢ ፍላት እንዲሰማ። ለዚያ ትራምፔትና ክላርኔት ሲ ይነፋሉ፣ አልቶ ሳክስፎን ጂ ይነፋል፣ ትሮምቦን በተንሸራታች ቱቦው የመጀመሪያ ቦታ ቢ ፍላት ይነፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም አንድ «ዶ» ሲያወጡ ከሳክስፎን ነፊዎቹ አንዱ መንፋቱን አቁሞ ዙሪያውን ተመለከተ። ያን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ይመስለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ በድምፅ ሆነ። ኪቦርዱ ላይ አንድ ድምፅ ይዘን ልጆቹ አፋቸውን ዘግተው ያንጎራጉራሉ። እዚህ ላይ ወንዶቹ ተቸገሩ። በዚህ ዕድሜ የወንድ ልጅ ድምፅ ይጎረንናል፤ ወደ ታች አንድ ሙሉ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ያህል ይወርዳል፣ በሽግግሩ ጊዜም ልጁ ትናንት ያገኘውን ድምፅ ዛሬ ያጣዋል። «ጆሮ የለውም» ከሚባሉት ወንዶች ስንቶቹ ድምፃቸው እየተለወጠ ያለ ልጆች እንደሆኑ ሳስብ ያንገበግበኛል። ለእነሱ የፈቀድንላቸው ከታች ባለው ኦክታቭ እንዲያንጎራጉሩ፣ ካልቻሉም ድምፁ ወደ ላይ ወጣ ወይስ ወደ ታች ወረደ የሚለውን በእጃቸው እንዲያሳዩ ነው። በእንግሊዛዊው የሙዚቃ መምህር በጆን ከርወን ስም የሚታወቁት የእጅ ምልክቶች ለዚህ ጠቀሙን፤ ድምፁ ያልታዘዘለት ልጅ እጁ ከታዘዘለት ጆሮው እንደሚሠራ እናውቃለን። በእጅ ሲያሳዩ አንድም ልጅ አልሳተም።

ለትራምፔት ነፊዎቹ ቅደም ተከተሉ ይህ ሆነ፦ «ዶ–ሶል» ብሎ መዘመር፤ ያንኑ ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን ክፍል) ብቻ ይዞ በከንፈር ንዝረት ማውጣት፤ በመጨረሻ መሣሪያውን ገጥሞ መንፋት። ማውዝፒሶቹን የሚጋሩ ልጆች ስለነበሩ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ማጠብ የልምምዱ አካል ሆነ። ሁለቱ ዜሮዎች የተምታቱባት ልጅ በዚህ መንገድ ሲንና ጂን ለመለየት ብዙ አልፈጀባትም። ድምፁን ቀድማ በውስጧ ስትሰማው ከንፈሯ ራሱ ይስተካከላል። ቁጥሮቹን ከወረቀቷ ላይ በላጲስ ያጠፋቻቸው ራሷ ናት።

የጀማሪ ባንድ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ነው። እኛ ዘንድ «ፋ» ላይ እንቅፋት ገጠመን። ሲዘምሩ ከሚ በኋላ ያለው ግማሽ ድምፅ ይሰፋባቸዋል፤ ፋ ከሚገባው በላይ ይወጣል፣ አንዳንዴም በቀጥታ ሶል ላይ ያርፋሉ። ትራምፔትና ሳክስፎን ላይ ቁልፉ ስለሚያስገድድ ችግሩ አይሰማም። ትሮምቦን ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፋ ተንሸራታቹ ቱቦ ሦስተኛው ቦታ ላይ ሲሆን ነው የሚገኘው፤ ልጁ ግን በጆሮው እየተመራ ቱቦውን ወደ ሁለተኛው ቦታ ይስበዋል። አሠልጣኙ «ሦስተኛው ቦታ የት እንደሆነ ይረሳል» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ የማየው እጁ ጆሮውን በታማኝነት ሲታዘዝ ነው። ጆሮው ያደገው በአምስት ድምፅ ነው፤ በሜጀር ትዝታ ቅኝት ውስጥ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አሉ፣ ፋ የለም።

ስለዚህ ፋን አቆይተን በትዝታ ጀመርን። ትራምፔት ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ይነፋል፤ ሳክስፎን ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፤ ትሮምቦን ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ። የሚያውቋቸውን አጫጭር ዜማዎች ያለ ወረቀት ፈልገው እንዲያገኙ ተውናቸው፤ እየተሳሳቱ፣ እርስ በርስ እየተራረሙ አገኟቸው። ይህ ከሁሉም ክፍል ይበልጥ ደስታ የነበረበት ነው፤ ልምምድ ካለቀ በኋላ የሚቀሩ ልጆች መታየት ጀመሩ። አንድ ያልፈታነው ነገር ትሮምቦኑ ላይ ሲ ስድስተኛው ቦታ መሆኑ ነው። ከነፊዎቹ የአንዱ ክንድ ገና አይደርስበትም፣ ድምፁም ትንሽ ከፍ እንዳለ ይቀራል። ልጁ ሲያድግ የሚፈታ ስለሆነ ተውነው።

ፋ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ማርሾች አብዛኛውን ጊዜ ሰባቱንም ድምፆች ስለሚጠቀሙ መቅረት አይችልም። ከታች ወደ ላይ ሲወጡት ስለሚስቱ ከላይ ወደ ታች አመጣነው፦ ሶል፣ ፋ፣ ሚ። በኪቦርድ የሚታጀቡ መዝሙሮች በየቤተ ክርስቲያናቸው የሚዘምሩት ልጆች ቀድመው ያዙት፤ ሌሎቹን ከእነሱ አጠገብ አስቀመጥናቸው።

ስለ መሣሪያ ማስተካከል አንድ ነገር ልጨምር። ከልጆቹ ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ ቱነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) አላቸው፤ መርፌው መሐል እስኪቆም ከንፈራቸውን ያጣምማሉ። ልምምድ እንደተጀመረ ይህን ማድረግ ትርጉም የለውም። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር የነፋስ መሣሪያ ድምፅ 3 ሴንት ያህል ይወጣል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት የወጣ መሣሪያ በሐዋሳ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር፣ በልጁ ትንፋሽ ጭምር 10 ዲግሪ ቢሞቅ ከግማሽ ድምፅ ሲሦ ያህል ይነሣል። ኪቦርዱ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ይነፋሉ፣ መሣሪያው ይሞቃል፣ ከዚያ በጆሮ ከኪቦርዱ ጋር ያስማማሉ፣ ስልኩ የሚከፈተው በመጨረሻ ነው።

ኖታ

ስለ ኖታ ብዙ የምለው የለኝም፣ ምክንያቱም ብዙ አላስቸገረም። «አቮካዶ» ብለው ያጨበጨቡትን አራት ድምፆች በሰሌዳ ላይ ሲያዩ ያወቁትን ነገር መልክ አዩ፤ የዘመሩትን «ዶ–ሶል» በመስመሮቹ ላይ ሲያገኙት ርቀቱን በዓይናቸው ለኩት። ክላርኔት ነፊዎቹ ከሌሎቹ ፈጠኑ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደብተራቸውን የሚወዱ ልጆች ስለሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

የተገኘውና ያልተገኘው

ባንዱ ለወላጆች ቀን የታቀደለትን ማርሽ አልነፋም። የነፋው በትዝታ የተዘጋጀ አንድ አጭር ዜማና መዝሙሩን ነው፤ ርእሰ መምህሩ በማርሹ መቅረት ቅር ተሰኝተዋል፣ ቅሬታቸውም ይገባኛል፤ መሣሪያዎቹ የተገዙት በወላጆች መዋጮ ነው። ባንዱ ውስጥ የነበሩ ሁለት ልጆች ጭብጨባው ሰልችቷቸው ወጥተዋል። አሠልጣኙ መጀመሪያ የፈሩት በከፊል ደርሷል ማለት ነው፤ መሣሪያ የሌለበትን ጊዜ ማሳጠር ቢቻል ኖሮ ላይወጡ ይችሉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ውጭ ለውጡ በጆሮ የሚሰማ ነው። መዝሙሩን በደቂቃ 84 ምት አካባቢ ጀምረው 88 ላይ ይጨርሳሉ፤ ለጀማሪ ባንድ ይህ ጥሩ ነው። ሁሉም አንድ «ዶ» አላቸው። ረጅም ድምፆች እስከ መጨረሻቸው ይቆያሉ። ትልቁን ከበሮ የሚመታው ልጅ አሁን ቀና ብሎ ነው የሚመታው፤ ነፊዎቹ እሱን ያዩታል። ክላርኔቶቹ ታችኛው ድምፅ ላይ አሁንም ይወርዳሉ፤ ይህ በአብዛኛው አፍ ላይ የሚነዝረው ስስ ሸምበቆ ጉዳይ ይመስለኛል፤ ያረጀና ጫፉ የተሰነጠቀ ሸምበቆ በምንም ትምህርት አይስተካከልም፣ መገዛት አለበት። ማርሹም እየተሠራ ነው፤ ድካም ሲመጣ ወደ ቲማቲም ይመለሳል።

ከአሠልጣኙ ጋር በአንድ ነገር እስካሁን አልተግባባንም። እሳቸው በመጪው ዓመት የሚገቡት አዲስ ተማሪዎች መዘመርና መራመድ እስኪችሉ ድረስ ከነአካቴው መሣሪያ እንዳይነኩ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ የወጡትን ሁለት ልጆች ስለማስብ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየልምምዱ መጨረሻ ለጥቂት ደቂቃ፣ አንዲት ድምፅ እንኳ ብትሆን እንዲነፉ እላለሁ። ርእሰ መምህሩ ሁለታችንንም ሰምተው፣ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት የልምምድ ሰዓቱን በሳምንት ከሁለት ቀን ወደ ሦስት ማሳደግ ይቻል እንደሆነ ከመምህራኑ ጋር እንደሚመክሩ ነግረውናል።